ጨዋታ የማያስቆም ፍጥነት

«ሰፊው ሕዝብ ሆይ! ከዛሬ ሐምሌ 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ጀምሮ የጓንግ ወንዝ ማሻገሪያ ሞተር ጀልባ በመካከለኛ ፍጥነት እንድትጓዝ የገበሬ ማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ወስኗል!»

ይህን ያነበቡት የማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ቢሻው ናቸው። ያነበቡትም በድምፅ ማጉያ ነው። ወንዙ ዳር የነበርነው አሥራ አንድ ሰዎች፣ ሁለት አህዮችና አንድ ፍየል ስንሆን፣ ከሁላችን ርቆ የቆመው ፍየሉ ነበር፤ እሱንም እጃቸውን ቢዘረጉ ይነኩት ነበር። ንባቡ ሲያልቅ አጨበጨብን። ፍየሉ ግን ወደ ሳሩ ሄደ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ጓንግ በበጋ ሱሪ ሰብስበው የሚሻገሩት ወንዝ ነው። በክረምት ግን ከደጋ የወረደውን አፈር ሁሉ ተሸክሞ፣ እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ፣ ግንዱንም ጎጆውንም ወደ ሱዳን ይወስዳል። ወፍጮው፣ ክሊኒኩና ወደ ሸሕዲ የሚያወጣው መንገድ ከወዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የሰሊጡ እርሻና ግማሹ መንደር ከወዲያ ነው። ጀልባዋ ሳትመጣ ሰው በተነፋ የመኪና ከመናዳሪ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር፤ ያልተሻገረም አለ። አምና በክረምት ከበላይ አካል አንዲት ነጭ ጀልባ ተሰጠችን። ስምንት ሰው ትይዛለች፤ ሞተሯ ከኋላ ይንጠለጠላል። በቃለ ጉባኤ ሞተር ጀልባ ትባላለች። በአፍ ግን፣ ሱዳን ወርዶ የተመለሰው ሁሉ እንደሚላት፣ ፈሉካ ናት። እኔ የማሻገሪያው ጸሐፊ ነኝ፤ የተሳፋሪ ስም እየመዘገብኩ አብሬ እሄዳለሁ።

ማዶው ገደል ስለሆነ ፈሉካዋ በቀጥታ አትሻገርም። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ትወርድና ውሃው ሜዳ ላይ ከተኛበት ቦታ ታወርደናለች። ስትመለስ ያንኑ ሽቅብ ነው። ስለዚህ ጉዞው ለአንድ ጨዋታ የሚበቃ ነው።

ነጂዋ ማሩ ይባላል። አብርሃ ጅራ በኩል ሃያ ዓመት ትራክተር የነዳ፣ ጆሮው ከአፉ የሚበልጥ ሰው ነው። ፈሉካዋን ሲሰጡት ከሳጥኗ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አገላብጦ አየው፤ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ያወቀ ሰው አልነበረም። መልሶ በጨርቅ ጠቀለለውና «እሷው ትንገረኝ» አለ።

ለሁለት ሳምንት ያደረገውን አይቻለሁ። በቲማቲም ጣሳ ውሃ ሞልቶ መቀመጫው ላይ ያስቀምጣል። ነዳጅ የሚሰጠው እንደ ሞተር ሳይክል እጀታውን በመጠምዘዝ ነው። ትንሽ ይጠመዝዛል፣ ጣሳውን ያያል። ደግሞ ትንሽ ይጠመዝዛል፣ ጣሳውን ያያል። አንዳንዴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ከዳር ሆነው የሚያዩት «ማሩ ከጣሳ ጋር ተጣልቷል» ይሉ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን እኔን አስቀምጦ አሳየኝ።

«ሦስት ጠባይ አላት» አለኝ። «ይኸውልህ፣ ቀስ ስትል ዳክዬ ናት።»

እውነትም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች እንደ ዳክዬ ሄደች። ጎርፉ በጎኗ ይገፋታል። ጣሳው ግራና ቀኝ ያፈሳል።

«እንዲህ ሆና መውረዱን ትወርዳለች። ሽቅብ ግን ትሄዳለች እንጂ አትደርስም። አሁን ትንሽ ልጨምርላት።»

ጨመረላት። ፈሉካዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀለች፣ ቂጧን ውሃ ውስጥ ዘፈቀች። ሞተሩ በወፍራም ድምፅ አጉረመረመ። ከፊቴ ሰማይ እንጂ ወንዝ አይታየኝም፤ ወንዙ በሁለቱም ጎን ተነስቶ እላዬ ላይ ወረደ። ጣሳው ከነውሃው ወደ ኋላ ሄደ።

«ይቺ ቁጣዋ ናት» አለ ማሩ፣ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ። «የገዛ ማዕበሏን ሽቅብ ስትወጣ ነው። ቤንዚኑንም የምትጨርሰው እዚህ ላይ ነው። አሁን ያዝ።»

ደግሞ ጨመረላት። ልንሞት ነው ብዬ ጠርዙን ጨበጥኩ። እሷ ግን ከጉብታ ላይ እንደወጣ ሰው ተነፈሰች፤ አፍንጫዋን አወረደች፣ ውሃው ላይ ተኛች፤ ድምፁ ቀጠነ፤ የሚረጨው ውሃ ከኋላችን ቀረ። ማሩ ጣሳውን አነሳና የቀረችውን ውሃ አሳየኝ። ክብ ክብ እየሠራች ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትፈስም። ከዚያ ነዳጁን በጣም በቀስታ መለሰ፣ መለሰ፣ ሞተሩ ሊወፍር ሲል አቆመ፣ አንዲት ጣት ያህል እንደገና ሰጣት።

«እዚህ ናት ምቾቷ። ከዚህ ብትበልጥ ታነጥራለች፤ ብታንስ ትቆጣለች።»

ምልክት ያደርግበት እንደሆነ ጠየቅኩት። የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩት አየኝ።

«ምልክት ምን ያደርጋል? ስምንት ሰው ሲሆን ሌላ ነው፣ አራት ሲሆን ሌላ ነው። ነፋስ ሲነሳ ሌላ ነው።»

ጣሳውን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። በጣሳው ፈንታ ያገኘውን ዘዴ ያወቅኩት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ማሩ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው በሀብትነሽ ነበር። ሀብትነሽ ማዶ የምትኖር፣ ማሽላ ወዲህ አስፈጭታ ዱቄቱን ይዛ የምትመለስ፣ አፏ ከወፍጮው ቀድሞ የሚነሳ ሴት ናት። ወሬ ከዚህ ዳር ትጀምርና እዚያኛው ዳር ስትወርድ ትጨርሳለች። ማሩ ጀርባውን ለሞተሩ ሰጥቶ ይሰማታል። እሷ ከጮኸች ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ይቀንሳል። ዝም ካለች ፈሉካዋ ልትቆጣ ነው፤ ይጨምራል። ወይም «መምሬ ጀምበሩ፣ እባክዎ ወደ ፊት ጠጋ ይበሉ» ይልና፣ ሰፋ ያሉትን ቄሳችንን ወደ ፊት አስጠግቶ አፍንጫዋን ያስወርዳታል። ሀብትነሽም የአክስቷን ልጅ ፍቺ በለሆሳስ፣ አንድም ቃል ሳይወድቅባት፣ ከባሏ እናት እስከ ሽማግሌዎቹ ድረስ ታወራለች። ዱቄቷም ደርቆ ይገባል። እንዲህ ያለ አነዳድ በየትም አገር ያለ አይመስለኝም፤ በእርግጥ የትም አገር ሄጄ አላውቅም።

ችግሩ የመጣው በቅጽ ነው። ከበላይ አካል «የጀልባው የተመረጠ የጉዞ ፍጥነት» የሚል ባዶ መስመር ያለበት ወረቀት መጣ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ።

የኮሚቴው አባል አዛናው «ቀስ ብትል ለሁሉም ደህና ነው» ብሎ ጀመረ።

«ዝግታ የአድኃሪያን ጠባይ ነው!» አሉ ጓድ ቢሻው። አዛናው ተቀመጠ።

«እንግዲያ ማሩ እንደለመደው ትሂድ» አለ ሌላው።

«ጥድፊያ ደግሞ ጀብደኝነት ነው! ሕዝቡን ጥሎ ወዴት?» እሱም ተቀመጠ።

ሁለቱ ጎኖች በዚህ ተዘጉ። ከቀኝ ዝግታ፣ ከግራ ጥድፊያ፤ የቀረው መሐሉ ብቻ ነበር። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ማሩ የኮሚቴ አባል ስላልነበረ በር ላይ ቆሞ አስተያየት እንዲሰጥ ተፈቀደለት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለትራክተር ልክ ነው። ፈሉካ ግን መሐል የላትም። ወይ ውሃው ውስጥ ናት፣ ወይ ውሃው ላይ ናት። መሐሉ ቁጣዋ ነው።»

«ጓድ ማሩ፣ ውሃውም ቢሆን ከውሳኔው ውጭ አይደለም» አሉት።

በነጋታው ጓድ ቢሻው ከመፈክር የተረፈ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዘው ወረዱ። ሞተሩ እንደጠፋ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዙት፣ በክር ለኩ፣ ክሩን ለሁለት አጠፉ፣ እኩሌታው ላይ ቀይ መስመር አሰመሩ። ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ያየሁትን ማመስገን አለብኝ። መስመሩ ልክ ቁጣዋ ላይ ነበር።

በመጀመሪያው ጉዞ መስመሩን ለመጠበቅ ከማሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚረጥበው ቦታ እሱ ነው። ፈሉካዋ አፍንጫዋን ሰቀለች። ሀብትነሽ የአክስቷን ልጅ ታሪክ ልትቀጥል አፏን ስትከፍት ጓንግ ገባበት። የመምሬ ጀምበሩ ጃንጥላ ተገልብጦ ጽዋ መሰለ። ማዶ ስንወርድ ከጓድ ቢሻው ኮት ኪስ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

«ርሰዋል ጓድ» አልኳቸው።

«ወበቅ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ዞረው «አያችሁ ሥነ ሥርዓቱን? ድሮ ጫጫታ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም! እንዴት አገኛችሁት?»

«ምቹ ነው» አልን።

ሰጠኝ የሚባል ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ውሃ እየተፋ «እናንተየ፣ ምቾት እንዲህ ከሆነ ሥቃዩን አታሳዩኝ» አለ። ጓድ ቢሻው አልሰሙትም። ምናልባት ጆሯቸው ውስጥ ውሃ ነበር።

ሀብትነሽ ከረጢቷን ፈታ አሳየችን። «ከወፍጮ ዱቄት ይዤ ወጥቼ ቤቴ ሊጥ ይዤ ልግባ?»

ሰው ግን ለሁሉም ዘዴ አለው። በሳምንቱ የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲክ ከመንደሩ ጠፋ። አንገት ማስገቢያ እየተቀደደለት በየብብቱ ይያዝ ጀመር። ሞተሩ ሲወፍር ሁሉም ላስቲኩን ያጠልቃል፤ ሊወርድ ሲል አውልቆ አጥፎ ይደብቃል። ከወዲህኛው ዳር ሆነው የሚያዩት ጓድ ቢሻው ደረቅ ሕዝብ ሲሳፈር፣ ደረቅ ሕዝብ ሲወርድ ነበር የሚያዩት። ስለ ላስቲኩ የሚናገር አልነበረም፤ መናገር መስመሩ ያረጥባል ማለት ይሆናላ። እሳቸው ራሳቸው ለሥራ ሲሻገሩ፣ በማለዳ፣ ከማሩ ጋር ብቻቸውን ነበር። «እንዴት ሆነው ተሻገሩ?» ብለን ስንጠይቀው ማሩ «ደህና» ይላል። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ማሩ መስመሩን ለአንድ ወር አከበረ። ከዚያ አንድ ቀን ሀብትነሽ ላስቲኳን ለዱቄቷ አልብሳ፣ ራሷ ራቁቷን እንደ ወጣች ሰው ተኮራምታ ሲያያት፣ እጀታውን ከቀዩ መስመር አሳለፈው። ፈሉካዋ ተኛች። ሀብትነሽ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየችና «የት ላይ ነበር ያቆምነው? አዎ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ» አለች። መምሬ ጀምበሩ ሳቁ። ሰጠኝ ከሳቁ የተነሳ ባርኔጣውን ለጓንግ ሊሰጥ ነበር።

ያጋለጠን ሳቁ ነው። ጓድ ቢሻው ከወዲህኛው ዳር ሆነው ሰሙት።

ማሩ ተከሰሰ። ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉ «ተሳፋሪዎቹ ከወንዙ መሐል ሲጫወቱ ተሰምቷል» ይላል። ግለ ሂስ እንዲያደርግ ስብሰባ ፊት አቆሙት። ማሩ ባርኔጣውን አውልቆ እንዲህ አለ።

«መስመሩን አልፌአለሁ። ሰው ሳይረጥብ ወርዷል። ጥፋቴ ይኸው ነው።»

ለአውራጃው ተጻፈ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ያጣራል፤ መካከለኛው ፍጥነት ምቹ ሆኖ ከተገኘ የማሩ ቃል በኮሚቴው ውሳኔ ላይ የተነዛ ስም ማጥፋት ነውና ፈሉካዋን ለሌላ አስረክቦ ወደ ትራክተሩ ይመለሳል። በዚያ ሰሞን ሞተሯን በዘይት ጨርቅ እየጠረገ አገኘሁት።

«ትራክተርም ሥራ ነው» አልኩት፣ ለማጽናናት።

«ሥራ ነው» አለ። ጨርቁን ገለበጠ። «ሃያ ዓመት ነዳሁት። አንድ ቀን እንኳ ከኋላዬ ሰው ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም።»

 በማግሥቱ ለተቆጣጣሪው የሚቀርበውን የተሳፋሪዎቹን የምስክር ወረቀት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። «መካከለኛው ፍጥነት እጅግ ምቹ መሆኑን እናረጋግጣለን» ብዬ ጻፍኩ። መምሬ ጀምበሩ ፈረሙ። ሀብትነሽና ሰጠኝ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ሀብትነሽ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ማሩ ሄደች።

«ማሩ ወንድሜ፣ ጣቴን አስነከሩኝ።»

«ጣትሽ ብቻ ከረጠበ ደህና ነው እቴ» አላት።

ተቆጣጣሪው መስከረም 6 ቀን መጡ። ጓድ ሙሉአለም ይባላሉ፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ካኪ ልብሳቸው በደንብ የተተኮሰ፣ ትሑት ሰው። ዝናቡ ካቆመ ሳምንቱ ነበር። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል አንድ ቁራጭ ደመና አልነበረበትም። ጓንግ ግን ገና ሙሉ ነው። ወረቀቱን ዳር ላይ ቆመው አነበቡና አንድ በአንድ ጠየቁ።

«መምሬ፣ እርስዎ እንዴት ያገኙታል?»

«ምቹ ነው ጌታዬ... ጓድ ማለቴ ነው።»

«አንቺስ?»

«ምቹ ነው» አለች ሀብትነሽ፤ በሕይወቷ አጭሩን ወሬ አወራች።

«አንተስ፣ ወንድም?»

ሰጠኝ ጓድ ቢሻውን አየ። «በጣም ያቀዘቅዛል» አለ።

«ጥሩ። እንግዲያ ተሳፍረን እንየው።»

ተሳፈርን። ጓድ ሙሉአለም ከኋላ፣ ከጓድ ቢሻው ጎን ተቀመጡ። ጓድ ቢሻው ከማሩ አጠገብ ናቸው። ማሩ በዳክዬ ፍጥነት ከዳሩ አወጣን። ጓድ ሙሉአለም መነጽራቸውን አስተካክለው ዞሩ።

«መሐሉ አይመችም ያልከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጓድ።»

«እነሱ ግን ይመቸናል ብለው ፈርመዋል።»

«እነሱ ናቸው የሚቀመጡበት» አለ ማሩ።

«የመጨረሻ ቃልህ ይኸው ነው?»

ማሩ ተሳፋሪዎቹን አየ። ሀብትነሽ ከረጢቷን ታይ ነበር። እኔ መዝገቤን አይ ነበር። «ይኸው ነው» አለ።

«እንግዲህ ከመስመሩ ላይ አምጣት።»

ጓድ ቢሻው በዚህ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጓድ ተቆጣጣሪ፣ እንደሚያዩት ሰፊው ሕዝባችን ከዝግታም ከጥድፊያም ርቆ፣ በራሱ ኮሚቴ ውሳኔ፣ ያለ አንዳች ሥጋት...»

ማሩ እጀታውን ጠመዘዘ። ቀዩ መስመር ላይ፣ አንዲት ፀጉር ሳያሳልፍ ሳያጎድል፣ አቆመው። ሞተሩ ወፈረ።

ያን ድምፅ ሁለት ወር ሰምተነዋል። ማንም ማንንም አላየም። የሀብትነሽ እጅ ወደ ብብቷ ገባ። የመምሬ ጀምበሩ እጅ ከጋቢያቸው ሥር ገባ። ሰጠኝ ባርኔጣውን አነሳና ከውስጡ አወጣ። እኔ መዝገቡን በጉልበቴ ይዤ የራሴን ፈታሁ። አምስት ላስቲክ አንድ ላይ ሲዘረጋ የዶሮ ክንፍ የመሰለ ድምፅ አሰማ፤ አምስት ራስ አንድ ላይ ገባ።

አራት ነበርን። አምስተኛው ከኋላ ነው የመጣው።

«...ያለ አንዳች ሥጋት፣ በተሟላ ምቾት...» ይላሉ ጓድ ቢሻው፤ እጃቸው ግን ንግግሩን ሳይጠብቅ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በአራት የታጠፈ ላስቲክ አውጥቶ፣ ዘርግቶ፣ ከነቆባቸው አጥልቆላቸዋል። ፈሉካዋ አፍንጫዋን መስቀል ስትጀምር በሌላው ኪሳቸው ገቡና ሁለተኛ ላስቲክ አወጡ። እንግዳ አክባሪ ሰው ናቸው።

«ይልበሱ ጓድ» አሉ፣ ለጓድ ሙሉአለም እያቀበሉ። «አሁን ነው የሚመጣው።»

ጓድ ሙሉአለም ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ከዚያ ላስቲኩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩት። የአንገቱ ዙሪያ እንዳይቀደድ በቀይ ክር፣ በጥንቃቄ፣ በእጅ ተዘምዝሞ ነበር።